ትሁንና የዶክተሩ መልስ

የቁሐር ሚካኤል ሴቶች ትሁንን በሁለት ነገር ያውቋታል፤ በቁመቷና በዝምታዋ። በቁመት ባሏን አዛናውን በግንባር ትበልጠዋለች። ዝምታዋ ግን አብሯት የተወለደ አልነበረም። ልጅ ሳለች በአባቷ በቄስ ተክለ ሃይማኖት ቤት የሚሰማው ሳቅ ሁሉ የእሷ ነበር። ዝምታው የመጣው እኩዮቿ ተራ በተራ የወር አበባ ሲያዩ፣ እሷም ተራዬ ደረሰ ብላ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ምንም ሳይመጣ በቀረ ጊዜ ነው።

እናቷ ካሳነሽ መጀመሪያ ላይ አልደነገጠችም። «የኛ ዘር ይዘገያል» አለች። ሽማግሌ ለላከ ሁሉ «ትንሽ ይድረስላት» እያለች መለሰች። ዓመት ዓመትን ሲተካ ግን ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ የቄሱን ልጅ ያህል መልከ መልካም ልጅ ያለ ምክንያት ቤት አትቀመጥም ተባለ። በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ ሃያን ካለፈች በኋላ፣ ካሳነሽ ፈራ ተባ እያለች ለአዛናው ዳረቻት። አዛናው ከሰው ይልቅ ከከብት ጋር ብዙ የሚያወራ፣ ረጋ ያለ ገበሬ ነበር። በወጉ ተጋቡ፤ እንደ ባልና ሚስት ኖሩ፤ ተዋደዱም።

ትሁን ከማንም የደበቀችው አንድ ነገር ነበራት። የወር አበባ ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ትጸልያለች። ትሁን ደግሞ ውጭ የምትቆምበት ምክንያት ኖሯት አያውቅም። ሁልጊዜ ብትገባ ሰው ይነቃባታል። ስለዚህ የጎረቤቷን የጸሐይነሽን ቀን እየተከታተለች፣ ጸሐይነሽ ውጭ በቀረች እሑድ እሷም አብራት ነጠላዋን ተከናንባ ትቆም ነበር። ይህ ውሸት ኃጢአት ይሁን አይሁን ለራሷ መወሰን አቃታት። ንጹሕ ሆኖ ውጭ መቆም ትሕትና ነው እንዳትል፣ የምትቆመው ለእግዜር ብላ አልነበረም።

ልጅ አልመጣም። ጠበል ተጠመቀች፤ ክታብ አሰረች፤ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳ ታጠበች። የአዛናው ወንድሞች በየማኅበሩ ላይ «ያልወለደች ላም እንኳ ትሸጣለች» እያሉ በነገር ይወጉት ጀመር። አዛናው ሰምቶ እንዳልሰማ ተነስቶ ወደ በረቱ ይሄዳል። ለትሁን አንድም ቀን ክፉ አልተናገራትም። ይህም ቢሆን ግራ ያጋባት ነበር፤ ቢቆጣት ምን እንደምትመልስ አስባ ጨርሳለች፤ ዝም ሲላት ግን መልሱ ሁሉ ይጠፋባታል።

ከዚያ ነገር የመጣው ባላሰቡት በኩል ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ፣ ከጉማራ ወንዝ ውኃ ስትቀዳ እንስራውን ተሸክማ ቀና ስትል፣ በቀኝ ብሽሽቷ በኩል የሚያቃጥል ሕመም ያዛት። ስትዳስሰው የርግብ እንቁላል የሚያህል እብጠት አገኘች። የሰፈሩ ወጌሻ በልብሷ ላይ ነካ አድርጎ «ቡአ ነው» አላት።

«ቡአ የወንድ በሽታ አይደል እንዴ?» አለች ትሁን።

«ሴትም አልፎ አልፎ ይይዛታል» አለ ወጌሻው። ነገር ግን ፊቱ በራሱ ቃል ያመነ አይመስልም ነበር።

የወረታው ሕክምና ጣቢያ ድሬሰር አይቷት «ይህ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ጎንደር ሂጂ» አላት። አዛናው አንድ ወይፈን ለወንድሙ አደራ ሰጥቶ አብሯት ተሳፈረ። ጎንደር ሐኪሞቹ አዩዋት፤ ደግመው አዩዋት፤ እርስ በርስ በማታውቀው ቋንቋ ተነጋገሩ። በማግስቱ አንድ ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ይዘው መጡ። ይህ ሰው ዶክተር ማረው ይባላል። የአንበሳሜ ደብተራ ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ጀምሮ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ተሻግሮ፣ ኋላም ባሕር ማዶ ሄዶ የቀረ ሊቅ ነበር። ሰው ማከም ሥራው አይደለም። ሥራው ከሰውነት ዕጢዎች እየመነጨ በደም የሚዞረው ሆርሞን የሚባለው ነገር፣ አካልን እንዴት አድርጎ እንደሚያዝ መመርመር ነበር። ለዕረፍት ወደ አገሩ በመጣ ቁጥር የጎንደር ሐኪሞች ያልገባቸውን ነገር ያሳዩታል።

ዶክተሩ እብጠቱን አልነካም። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና በአገሯ አማርኛ ጠየቃት።

«እህቴ፣ እናትሽ እህት አላቸው?»

«አሏት። እማሆይ ሸዋዓለም ይባላሉ።»

«ወልደዋል?»

«ኧረ አልወለዱም። በልጅነታቸው ነው የመነኮሱት።»

«ከመመንኮሳቸው በፊት አግብተው ነበር?»

«አግብተው ነበር። መኻን ነሽ ተብለው ተመለሱ።»

«የአያትሽስ እህት? በእናትሽ በኩል?»

ትሁን አሰበች። አያቷ ስለ አንዲት እህታቸው የሚናገሩት ነገር ነበር፤ ረጅም፣ ቆንጆ፣ ሳትወልድ ያለፈች። ይህን ስትነግረው የዶክተሩ ዓይን የጠፋ ከብቱን እንዳገኘ ሰው በራ። ያ ብርሃን አስፈራት። የሷ መከራ ሰው እንዲህ ሊያስደስት የሚችልበትን ምክንያት አላወቀችም።

ዶክተሩም ፊቷን አይቶ ነው መሰል አቀርቅሮ ይቅርታ ጠየቃት። ደሟን በመርፌ ወሰደ፤ ከክንዷም ጥፍር የማታህል ቆዳ አደንዝዞ ቆረጠ። «ይህን ወደምሠራበት አገር እወስደዋለሁ። ያወቅሁትን እኔው ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ» አላት። ሐኪሞቹ በበኩላቸው እብጠቱ በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት፣ ከቆየ ክፉ ነገር ሊያመጣ እንደሚችል ነገሯቸው። አዛናው ግን ዝናቡ ሳይቀድመው ማረስ ነበረበት። «ሌላ ጊዜ» ብለው ተመለሱ።

ቁሐር ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። «የትሁንን ደም ባሕር ማዶ ወሰዱት» ተባለ። ጸሐይነሽ ሳትቀር መጥታ «ደምሽ እዚያ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀቻት። ትሁን ምን ብላ ትመልስ? እሷም በየጊዜው የምታስበው ይህንኑ ነበር። ቆዳዋ በጠርሙስ ውስጥ በሕይወት ይኖራል ብሏታል ዶክተሩ፤ እየመገቡት ያድጋል ብሏታል። ጓያ ስታርም፣ ወተት ስትንጥ፣ በሰው አገር የሚመገብ አንድ ቁራጭ ትሁን መኖሩ ትዝ ይላትና እጇ ሥራውን ይረሳል። ይርበው ይሆን? ብርድ ይመታው ይሆን? እንዲህ ብላ ማሰቧ ራሱ ያሳፍራታል።

ዶክተሩ ቃሉን ጠበቀ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ፣ ጥቅምት ላይ፣ ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ጭቃው ሲጠና፣ ከወረታ በበቅሎ መጣ። አዛናው ከብቶቹን ይዞ ወደ ጣና ዳር ወርዶ ነበር። በካሳነሽ ቤት ትሁን፣ እናቷና አክስቷ እማሆይ ሸዋዓለም ተቀመጡ። እማሆይን ዶክተሩ ራሱ ነው እንዲመጡ የለመነው።

ዶክተሩ መናገር ሲጀምር ቃሉ እንደሚከብደው ያስታውቅ ነበር።

«እናንተ የቄስ ቤተ ሰብ ናችሁና ግጻዌን ታውቃላችሁ» አለ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፉ ሁሉ አለ፤ ግን ሁሉም በአንድ ቀን አይነበብም። ዛሬ የትኛው ምንባብ ይነበብ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን የሚያሳየው ግጻዌ ነው። በሰው ሰውነትም፣ በዓይን በማትታይ በእያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ ከአባትና ከእናት የወረደ ሙሉ ጽሑፍ አለ። የዓይን ቅንጣት የራሷን ታነባለች፤ የጉበት ቅንጣት የራሷን። ሆርሞን የምንለው በደም ተጉዞ መጥቶ፣ 'አሁን ይህን አንብቡ' የሚል መልእክት ነው። ገባችሁ?»

«ገብቶኛል» አሉ እማሆይ።

«መልእክቱ ብቻውን ግን አይሠራም። በቅንጣቷ ውስጥ ተቀባይ አለ። መልእክቱን የሚቀበል፣ ይዞት የሚገባ፣ የሚነበበውን የሚገልጥ። እኔ ዕድሜዬን የማጠናው ይህን ተቀባይ ነው። ከአንቺ በወሰድሁት ቆዳ ላይ መልእክቱን ደጋግሜ ላክሁበት። በሌላ ሰው ቆዳ ላይ ተቀባዩ ይይዘዋል። ያንቺው ግን አልያዘውም። ይመጣል፤ ያልፋል። ተቀባዩ ወይ የለም፣ ወይ ተበላሽቷል። የቱ እንደሆነ እኛም ገና አልለየንም። እውነቴን ነው፤ ብዙው ነገር ለኛም ጨለማ ነው።»

ካሳነሽ «እንግዲያ መድኃኒት ካለው ስጧት» አለች።

«መድኃኒት የለውም እናቴ። በሽታም አይመስለኝም።»

ትሁን ቀና አለች። «መልእክቱ ምን ይል ነበር?»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «በተማርሁበት አገር እንዲህ ያለውን ለሴቲቱ አትንገሩ፣ ይሰብራታል ይላሉ።»

«እርስዎ ያውቃሉ፤ እዚያ ያሉት ፈረንጆች ያውቃሉ። ሰውነቱ የኔ ነው። እኔ ካላወቅሁት ለማን ብለው ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት?»

ዶክተሩ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«'ወንድ ሁን' ነበር የሚለው» አለ።

ካሳነሽ አማተበች።

«'ሁን'?» አለች ትሁን። «እኔን?»

«አንቺን። ገና በማሕፀን ሳለሽ። ከአባትሽ የወረስሽው ጽሑፍ የወንድ ነበር። ያ በብሽሽትሽ ያለውም መልእክቱን የሚልከው ዕጢ ነው። በወጉ ላከ። አካልሽ ግን አልሰማም፤ ባለመስማቱም ሴት ሆኖ አደገ። ሴት ሆነሽ ተወለድሽ፤ ማሕፀን ግን አልተሠራልሽም። የወር አበባ ያላየሽው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ወንድ ነኝ?»

«አይደለሽም።»

«ሴት ነኝ?»

«ነሽ።»

«ይህን በሁለት ቃል ለመመለስ ይህን ያህል መዞር ምን አመጣው?» አለች ትሁን። ቁጣ አልነበረም፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው።

ካሳነሽ በድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባትሽ እኮ፣ ነፍሱን ይማረውና...» አለች። «ወንድ ልጅ ነበር የለመነው፤ ስዕለትም ተስሎ ነበር። ሴት ናት ብለው ሲነግሩት ጥቂት አቀርቅሮ፣ 'እንግዲህ ትሁን' አለ። ስምሽም በዚያው ወጣልሽ።»

ሁሉም ወደ ትሁን አዩ። ትሁን የራሷን ስም አሁን ገና እንደ ሰማች ሁሉ በልቧ ደጋግማ አለችው። በቤቱ ውስጥ የተሰማው ድምፅ ግን የእማሆይ ሸዋዓለም ነበር። ያሳቃቸው ይሁን ያስለቀሳቸው የሚለይ አልነበረም፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ፣» አሉት ዶክተሩን፣ «የኔም እንዲህ ነው?»

«ሳልመረምር አላውቅም እማሆይ። ይመስለኛል ግን። የሚወርደው በእናት በኩል ነው፤ እናቲቱን ሳይነካ በልጆቿ ላይ ይወጣል።»

«ባሌ ሲመልሰኝ፣ ይህ እግዜር ለራሱ ሲፈልገኝ ነው ብዬ ነው ቆቡን የደፋሁት። ምልክቴ ይህ ነበር። አሁን አንተ መጥተህ ተቀባይ ስለሌለሽ ነው ትለኛለህ። ታዲያ እኔን ያመነኮሰኝ ማን ነው?»

ዶክተር ማረው አንገቱን ደፍቶ «ይህን እኔ ልመልስ አልችልም» አለ። ሊሄድ ሲነሳ እማሆይ ቆመው መረቁት፤ ነገር ግን እንዲመረምራቸው አልፈቀዱም። «እኔ ለዚህ ዕድሜ ደርሻለሁ። እንደማውቀው ልሙት» አሉ።

ትሁን ለአዛናው ሳትነግረው ሰነበተች። ምን ብላ ትጀምር? ብትለው ይገባዋል? የገባትስ እሷ ምንድን ነው? በመጨረሻ፣ ከጣና ዳር ተመልሶ ጥጃ እያሰረ ሳለ፣ ዶክተሩ እንዳለው ሳይሆን ራሷ እንደመጣላት ነገረችው። አዛናው ገመዱን ይዞ ቆመ። ጥጃው ጎትቶ አመለጠው፤ አልተከተለውም።

«ታዲያ እኔ ያገባሁት ማንን ነው?» አላት።

«እኔን ነዋ!»

«አንቺን መሆኑንማ አውቃለሁ» አለ። በማግስቱ በሬ እሸጣለሁ ብሎ ወደ ሐሙሲት ሄደ። የገበያው ቀን አለፈ፤ አልተመለሰም። ከሰው እንደ ተሰማው እዚያ አጎቱ ቤት ተቀምጧል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ማንንም አያናግርም። ወንድሞቹ «ፈታት» ብለው አወሩ።

በዚህ ጊዜ ትሁን ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ በላቸው ሄደች። ቄስ በላቸው ሸምግለዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ለአባቷም ባልንጀራ ነበሩ። ከቅጽር ውጭ ስለ መቆሟ ጀምራ፣ እስከ ዶክተሩ መልስ ድረስ ሁሉን ዘረዘረችላቸው። እሳቸው በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ ሰሙ፤ አንዳንዱን ድገሚልኝ አሏት፤ ደገመች።

«ትዳሬ ትዳር ነው ወይ አባ?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ስባርካችሁ የባረክሁት እሱንና አንቺን ነው። ሁለታችሁም ፊቴ ቆማችሁ ነበር» አሉ። «ሌላውን አላውቅም ልጄ። የተማርሁትን ባገላብጥ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አልደረስሁም። አውቃለሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ግራ ገብቶኛል።»

ትሁን በሕይወቷ እንዲህ የሚል ቄስ ሰምታ አታውቅም ነበር። ያልጠበቀችው ዕረፍት ተሰማት።

«የቅጽሩን ነገር ግን አውቃለሁ» አሉ ቄስ በላቸው። «ውጭ የሚያቆምሽ ከሌለ ለሰው ዓይን ብለሽ አትቁሚ። ግቢ።»

በሚቀጥለው እሑድ ጸሐይነሽ ከውጭ ቆማ ነበር። እንደ ልማዷ ለትሁን ቦታ ለቀቀችላት። ትሁን ግን ሳመቻትና አልፋ ገባች። በሚቀጥለውም ወር ገባች፤ በሚቀጥለውም። ሴቶቹ ተያዩ፤ ጥቂት ጊዜ ተንሾካሾኩ። ከዚያ የጓያው አጨዳ ደረሰና ወሬው በሥራ ተዋጠ። እሷ ግን ነገሩ በመግባቷ ብቻ እንዳላለቀ ታውቅ ነበር፤ ቅዳሴው መሐል ቆማ «ይህ መልእክት ለኔ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ በወንዶቹ በኩል ነበር የምቆመው» የሚል ሐሳብ ይመጣባትና ጸሎቱ ይጠፋባታል።

አዛናው የተመለሰው አጨዳው ሊያልቅ ሲል ነው። በሬውን አልሸጠም፤ እንደ ወሰደው ይዞት መጣ። ማጭዱን አንስቶ ከጎኗ ገብቶ ማጨድ ጀመረ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ቀና ብሎ፦

«ብዙ አሰብሁት» አላት። «ሳስበው ይበልጥ ይወሳሰብብኛል። ሳላስበው ግን ቤቴ ትዝ ይለኛል።»

«ወንድሞችህስ?»

«እነሱ አላገቡሽም።»

«ልጅስ?»

«እሱ ያመኛል» አለ። «አላመመኝም አልልሽም። አንቺንም ያምሻል አይደል?»

«ያመኛል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አላወሩም። አንዳንድ ቀን አዛናው እጆቿን አተኩሮ ሲያይ ታገኘዋለች፤ ስታየው ዓይኑን ይሰብራል። እሷም ወንድሞቹን ተሰብስበው ሲስቁ ስታይ፣ እዚያ መሐል ሆና ልትሆነው የነበረውን ያንን ያልተወለደ ወንድ ትፈልጋለች፤ ምን ይመስል ነበር? እንደ አባቷ ቄስ ይሆን ነበር? አታዝንለትም፤ አትናፍቀውም፤ ግን ከሐሳቧ አልወጣ አላት።

በስልሳ ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ የእብጠቱ ሕመም አገረሸባት፤ መራመድ አቃታት። አዛናውና ሌሎች ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ በጭቃው ውስጥ እየሰመጡ እስከ ወረታ አደረሷት። ጎንደር ዕጢዎቹ ወጡላት። ስትነቃ ሐኪሙ «ያን የሚልከውን አውጥተንልሻል» አላት። ትሁን በድካም መሐል፣ ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ሳይቀበለው ሲልክ የኖረውን ያን ነገር አሰበችና እንባዋ መጣ። ሐኪሙ ቁስሉ አሟት መሰለው። ስለ ዶክተር ማረው ስትጠይቅ፣ ባሕር ማዶ እንዳለና ስለዚያ ተቀባይ እያስተማረ እንደሆነ ነገሯት። ስሟን ሳይጠራ ስለሷም ያስተምር ይሆናል።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ከአዲስ ዘመን ከተማ ቁልቁል እንደወረደ የፎገራ ሜዳ ውኃ ሆኖ ጠበቃቸው። ከወረታ ወደ ቁሐር በእግር የሚሆን አልነበረም። መንገድ ዳር ከሌሎች ተጓዦች ጋር ታንኳ እስኪመጣ ተቀመጡ። አዛናው ጋቢውን አጥፎ ከበታቿ አነጠፈላት።

«ለእናትሽ ምን እንበላት?» አለ።

«ዳነች በላት።»

«ድነሻል?»

ትሁን ውኃውን አየች። የዛፎቹ አናት ብቻ ከላይ ቀርቷል፤ የማን ማሳ የት ጋ እንዳለ አይለይም።

«እኔ እንጃ፣» አለች፣ «ግን ርቦኛል።»

አዛናው ከአገልግሉ ዳቦ አወጣና ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ሰጣት። ታንኳው ገና አልታየም ነበር።